የገደሉ ጠጉራም አውሬ

ያላየው ነገር የሌለ ሰው በእናንተ መንደር የለም? በጃንሆይ ጊዜ እኛ አገር ጋዝጊብላ አያ ደስታ ነበረልን። ገብሳችንን ከዝንጀሮ የምንጠብቀው በየተራ ነበር። በእሱ ተራ ቀን የማሳው እኩሌታ ተበላ።

«ወንጭፌን ሳነሣ» አለ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ «ከገደሉ ሁለት ሰው የሚያህል ጠጉራም አውሬ ወጣ። ምን ላድርግ አባቶቼ፣ ሸሸሁ!»

የተንተራሰው ድንጋይ ጉንጩ ላይ ታትሟል፤ ማን ልብ ብሎት!

«አውሬው ለይቶሃልና ዳግመኛ እንዳትወጣ» ብለው ከጥበቃው ተራ አወጡት።

ይህ በተሰማ በሳምንቱ አውሬውን ያላየ ወንድ ጠፋ። አማቼማ የአውሬውን ሚስት ጭምር አየሁ አለ።

የቀረውን ገብስ ዝንጀሮዎቹ ጨረሱት። ምን ያድርጉ? እዚያው ገደል ውስጥ እየኖሩ፣ እንዲህ ያለ አስፈሪ ጎረቤት እንዳላቸው የነገራቸው የለም።