ተንታኝ ይፈለጋል

(ነብዩ ዘጠኝ ዓመት በሊግ ቡድኖች አጥቂ ሆኖ ቆይቶ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ወደ ዲላ ተመለሰ። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ «የኳስ ተንታኝ እንፈልጋለን፤ ድምፃችሁን ቀድታችሁ በቴሌግራም ላኩልን» ካለ ወዲህ ሥራው ሁሉ ለብቻው ማውራት ሆኗል። ዛሬ እሑድ ጠያቂ እንዲሆነው የድሮ ጓደኛውን፣ በረኛ የነበረውን ዳምጠውን፣ ከሚኖርበት ከኮንጋ ቀበሌ አስመጥቶታል። በረንዳው ላይ ስለ ስልኩ ይጨቃጨቃሉ።)

ዳምጠው፦ አግድም ነው የሚያዘው እልሃለሁ!

ነብዩ፦ ድምፅ እኮ ነው የምንቀዳው!

ዳምጠው፦ ቢሆንስ? ፊትህ ሙሉ እንዲገባ ነዋ።

ነብዩ፦ እሺ፣ እንደፈለግክ ያዘው። ጠይቀኝ።

ዳምጠው፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ደህና ነህ ነቢ? እናትህስ ደህና ናቸው?

ነብዩ፦ ስለ ኳስ!

ዳምጠው፦ እሺ። ኳስ ለምን ተውክ?

ነብዩ፦ በጉዳት ምክንያት ጫማዬን ሰቀልኩ።

ዳምጠው፦ የት?

ነብዩ፦ አነጋገር ነው!

ዳምጠው፦ ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ነው። ስንት ጨዋታ ተሰለፍክ?

ነብዩ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አሥራ አንድ።

ዳምጠው፦ በዘጠኝ ዓመት? ሌላውን ጊዜስ?

ነብዩ፦ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆኜ ጨዋታውን አነብ ነበር።

ዳምጠው፦ ያን ያህል ካነበብክማ ዩኒቨርሲቲ በገባህ ነበር።

ነብዩ፦ ስለ ትናንቱ ጨዋታ ጠይቀኝ!

ዳምጠው፦ የትናንቱ እንዴት ነበር?

ነብዩ፦ ቡድኑ በሽግግር ወቅት በመስመሮች መካከል የፈጠረው ክፍተት፣ የመከላከል አደረጃጀቱን ለተጋጣሚ ጫና...

ዳምጠው፦ ተሸነፉ ማለት ነው?

ነብዩ፦ ...ተሸነፉ።

ዳምጠው፦ በረኛው ፀሐይ ፊት ለፊት ይዛው ነበር። ኮፍያ የሚያውሰው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ሁለቱም ጎሎች አይገቡም ነበር።

ነብዩ፦ ተንታኙ እኔ ነኝ! አንተ ኳስ ካቆምክ ወዲህ ምን ስትሠራ ነበር?

ዳምጠው፦ አልጋ ላይ ነው የምውለው።

ነብዩ፦ (ደንግጦ) ታመሃል እንዴ?

ዳምጠው፦ የቡና ማድረቂያው አልጋ! የታጠበውን ቡና አገላብጣለሁ። ደስ ይላል፤ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚከፋኝ።

ነብዩ፦ ቅዳሜ ምን አለ?

ዳምጠው፦ ጨዋታ ነበራ። እጄ ቡና ሲያገላብጥ ልቤ ጎል መሐል ይቆማል። አንተንስ አይከፋህም?

(ነብዩ ጉልበቱን ዳሰሰ። ይከፋዋል፤ ግን ለማንም ተናግሮት አያውቅም። እንባው ሳይቀድመው ተቆጣ።)

ነብዩ፦ በቃ፣ አበላሸኸው! ይሄ ይጠፋል፤ አምጣ ስልኩን!

ዳምጠው፦ ቆይ፣ እኔው አጠፋዋለሁ...

ነብዩ፦ (ስልኩን እየጎተተ) ልቀቀው! ልቀቀው አልኩህ!

ዳምጠው፦ (ነካ ነካ አድርጎ) እሺ፣ ለቀቅኩት።

ነብዩ፦ የት ለቀቅከው?

ዳምጠው፦ ለሬዲዮዎቹ ነዋ።

ነብዩ፦ ስልኩን ልቀቅ ነው ያልኩህ!

(ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። የጣቢያው አዘጋጅ ሰላማዊት ናት፤ ነብዩ ዳምጠውም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።)

ሰላማዊት፦ ቅጂውን ሰምተን በሳቅ ሞትን፤ ቅዳሜዋ ላይ ደግሞ አስለቀሰን። ተንታኙን ወደነዋል፤ ነገ ጠዋት ይምጣልን።

ነብዩ፦ (ብድግ ብሎ) እመጣለሁ!

ሰላማዊት፦ ይቅርታ፣ እርስዎን አይደለም። ስለ በረኛው የተናገረውን ነው።

(ስልኩ ተዘጋ። ነብዩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ዳምጠው አዘነለት።)

ዳምጠው፦ ነቢ፣ እኔ ነገ ሥራ ነኝ። አንተ ሂድና «ዳምጠው ነኝ» በላቸው።

ነብዩ፦ ድምፄን ሰምተውታል እኮ! ገና አፌን ስከፍት ያውቁኛል!

ዳምጠው፦ ታዲያ ብዙ አታውራ።