በገዛ ከተማቸው ጎብኚ የሆኑት ዶን ኔልሰን

ማንኛውም ዋና ከተማ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ተወልዶ ያደገበትን አደባባይ በየሳምንቱ ከቱሪስት ጋር እንደ አዲስ የሚጎበኝ አንድ ሽማግሌ አለው። የሌለው ከተማ ካለ አስጎብኚዎቹ እድለኞች ናቸው። የእኛ የሞንቴቪዴዮው ክቡር ዶን ኔልሰን አራምቢዴ ይባላሉ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ባለቤታቸው አርፈዋል፤ ልጃቸው ስፔን ነው፣ ለገና ይደውላል። የቀራቸው ቅዳሜ ነው።

አስጎብኚዋ ሉርደስ ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ ትልቁ አደባባይ ላይ ስትደርስ፣ ዶን ኔልሰን ቀድመዋት ቆመው ታገኛቸዋለች። ፔርሙዛቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ የመጣውን ሁሉ እንደ ሠርግ ቤት አስተናጋጅ ይቀበላሉ። «ኑ፣ ኑ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ። ልጅቷ አሁን ትጀምራለች።» ልጅቷ አርባ ዓመት አልፏታል።

ሉርደስ ስለ ባለ ማማው ሕንፃ ታስረዳለች። ዶን ኔልሰን በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ስትል ጣታቸው ይነሣል። «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ለማረም እንኳን አይደለም፤ ትንሽ ልጨምርበት ብዬ ነው።» የሚጨምሩት እውነት ቢሆን ማን ይከፋው ነበር? ሕንፃውን የሠራው ሰው አንድ ሳምንት የአያታቸው የካርታ ጨዋታ ጓደኛ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ሳምንት አማታቸው። የቲያትር ቤቱን መጋረጃ የሰፋችው አንዴ አክስታቸው ናት፣ አንዴ የአክስታቸው ጠላት። ሉርደስ ቀስ ብላ ልትቃወም ከሞከረች ለእንግዶቹ ዓይናቸውን ጠቀስ አድርገው «እሷ አንብባ ነው፤ እኔ ግን እዚሁ ነበርኩ» ይላሉ። ሕንፃው ሲሠራ አልተወለዱም።

የማቴው ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ይህን መራራ ቅጠል እኛ የምንጠጣው በሙቅ ውሃ፣ ከአንድ ቅል፣ በአንድ መምጠጫ፣ በየተራ ነው። ቀጂው ሞልቶ ይሰጥሃል፣ ጠጥተህ ትመልሳለህ፣ ተራህ ሲደርስ ደግሞ ይመጣልሃል። «አመሰግናለሁ» ካልክ ግን በቃኝ ማለትህ ነው። ይህን የውጭ ሰው ከየት ያውቀዋል? ገና የመጀመሪያውን ጠጥቶ በጨዋ ደንብ ያመሰግናል፤ ዶን ኔልሰንም ከዚያ በኋላ ይዘልሉታል። ባለፈው ወር አንድ ረጅም ጀርመናዊ፣ ቅሉ በአፍንጫው ሥር ባለፈ ቁጥር በዓይኑ እየሸኘው እስከ ወደቡ ድረስ ተጓዘ።

«ኧረ ይስጡት፣ አንጀቴን በላው» አለች ሉርደስ በሹክሹክታ።

«በቃኝ አለ እኮ። ሰው በግድ አላጠጣም።»

እንዲህ እያሉ እንግዶቹ አንድ በአንድ አመስግነው ሲወጡ፣ ቅሉ የሚመላለሰው በሁለቱ መካከል ብቻ ይሆናል። ሉርደስ ጠጥታ ዝም ብላ ትመልሳለች። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው።

ታዲያ በዚህ ቅዳሜ ጠዋት አለቃዋ ከቢሮ ደወለላት። ባለፈው ሳምንት የመጣች አንዲት ብራዚላዊት አስተማሪ ቅሬታ አቅርባለች። «ሽማግሌው ከዛሬ ወዲያ ቡድኑ ውስጥ እንዳይታዩ» አላት። «አንቺው ንገሪያቸው። ካቃተሽ የሚችል ሰው እፈልጋለሁ።»

አደባባዩ ላይ ልትነግራቸው አሰበች፤ እሳቸው ግን ለአንዲት ቺሊያዊት አሮጊት ክንዳቸውን ሰጥተው ደረጃ እያስወረዱ ነበር። ካቴድራሉ በር ላይ ጠራቻቸው። «አቤት ሉርደስ፣ የኔ ልጅ» ብለው ፊታቸው በርቶ ሲዞሩ፣ «የጫማዎ ክር ተፈቷል» አለቻቸው። አልተፈታም ነበር። ጎንበስ ብለው ፈትተው አሰሩት።

በእግረኛው መንገድ ስትሄድ ያለፉት ክረምቶች ትዝ አሏት። ክረምት ላይ ዝናቡና ነፋሱ ቱሪስቱን ሁሉ ሲያስቀረው የሚመጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሷም ባዶ ቤቷ ላለመመለስ ስትል ጉብኝቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለእሳቸው ብቻ ታደርግ ነበር፣ እሳቸውም በየማዕዘኑ ይጨምሩበት ነበር። በሳምንት ውስጥ ከእሳቸው ሌላ በስሟ የሚጠራት ሰው እንደሌለ እስከዛሬ ልብ ብላው አታውቅም። እንግዶቹ «አስጎብኚ» ነው የሚሏት።

ጉብኝቱ እንደ ወትሮው ወደብ አጠገብ ባለው ገበያ፣ የጥብስ ጭሱ መሐል አለቀ። ቡድኑ ተጨባብጦ ወደየምሳው ተበተነ። ሁለቱ ወንዙ ዳር ወዳለው ግንብ ሄደው ተቀመጡ። ዶን ኔልሰን ቀድተው ሰጧት። እስኪንጣጣ ድረስ መጠጠችው፤ ቅሉን ስትመልስላቸው ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

«አመሰግናለሁ።»

ዶን ኔልሰን ቅሉን እንደያዙ ቀሩ።

«ከቢሮ ነው?» አሉ።

«ከቢሮ ነው።»

«ብራዚላዊቷ ናት።»

«እንዴት አወቁ?»

«ሕንፃውን ማን ሠራው ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ። ሁለቴም የተለያየ መለስኩላት።»

«ምነው ዶን ኔልሰን?»

«የመጀመሪያውን ረሳሁታ።» የፔርሙዙን ክዳን ማዞር ጀመሩ። «ደግሞም ደስ ብሎኝ ነው። ቤት ውስጥ የሚጠይቀኝ የለም።»

ሉርደስ ጃንጥላዋን አጠፈች። እሳቸው ተነሡ፣ ኮታቸውን አራገፉ፣ ቢሮውን አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩትም፤ ቢሳደቡ ይሻላት ነበር። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ጥቂት እንደተራመዱ ተከትላ ደረሰችባቸው።

«ነገ ምሳ የት ነው የሚበሉት?»

«እሁድ አይደል? ቤት ነዋ፣ ፓስታ።» ትከሻቸውን ነቀነቁ። «የሁለት ሰው ነው የምቀቅለው፤ አሳንሶ መቀቀል እስካሁን አልሆነልኝም። የተረፈውን ሰኞ አሙቄ እበላዋለሁ።»

«እንግዲያው ለሰኞ ሌላ ነገር ይፈልጉ» አለች ሉርደስ።

ዶን ኔልሰን የደረሰውን አውቶቡስ አዩ፣ እሷን አዩ። አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ጠበቃቸውና ዘግቶ ሄደ።

«ቤቴን እኮ አታውቂውም» አሏት።

«ያስጎበኙኛላ።»