ወንዱንና ሴቷን የሚለየው ነገር

ዌንደል፦ አውራ ዶሮ ወንድ ነው! ይሄ ክርክር አያስፈልገውም።

ሌስተር፦ እንጃ፣ ዌንደል። እኔ ሳየው ሁልጊዜ ዶሮ ነው የሚመስለኝ።

ዌንደል፦ ዶሮማ ዶሮ ነው! ግን ወንድ ነው! ለዚህ አይደል እንዴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የወንዶቹ በር ላይ የቆመው?

ሌስተር፦ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ዶሮ ሲገባበት አላየሁማ።

[ከጠዋቱ ለአራት ሩብ ጉዳይ ነው። ዌንደል ፕሩት በዚህች የወንዝ ዳር ከተማ የተጠበሰ ዶሮ ይሸጣል። የማያውቀው ነገር የለም፤ እንደ ራሱ አባባል ማለቴ ነው። ሌስተር የሚስቱ ወንድም ነው። መጥበሻው አጠገብ ይቆማል፤ ነገር እስኪገባው ድረስ ዘይቱ ሁለት ጊዜ ይቀዘቅዛል ይሉታል። ከጓዳው ኮሪደር ጎን ለጎን ሁለት ጠባብ ሽንት ቤቶች አሉ። አንደኛው በር ላይ የቆርቆሮ አውራ ዶሮ፣ ሁለተኛው ላይ የቆርቆሮ ሴት ዶሮ ተመትቶ ኖሯል። በዚህ ጸደይ የከተማው ምክር ቤት ስለ ሽንት ቤት ሕግ አወጣ፤ ዛሬ በአራት ሰዓት ተቆጣጣሪ ይመጣል። ተቆጣጣሪው ማኅተሙን ካልመታ፣ ዌንደል ሃያ ሁለት ዓመት ያበሰለው የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ሠራተኞች የቅዳሜ ራት መንገድ ተሻግሮ ዶሎሬስ ፓንኬክ ቤት ይገባል። ስለዚህ ዌንደል ትናንት ደውሎ ለሌስተር አንድ ትእዛዝ ሰጠ። በልቡ ያሰበው በሁለቱ ሽንት ቤቶች መካከል ያለው ግድግዳ እንዲፈርስ ነው። ስሙን ግን አልጠራም፤ እሱ የገባው ነገር ለሰው ሁሉ የገባ ይመስለዋል። አሁን ሦስተኛ ቡናውን ጨርሶ እግሩን አጣምሮ ቆሟል።]

ዌንደል፦ ደብዳቤውን አንብቤልሃለሁ አይደል?

ሌስተር፦ አንብበህልኛል። ብቸኞች ብቻ ይግቡ ይላል።

ዌንደል፦ «ብቸኛ ተጠቃሚ» ነው የሚለው!

ሌስተር፦ እኔስ ምን አልኩ? ሚስት ያለው የት ይሂድ ነው ጥያቄዬ።

ዌንደል፦ ብቸኛ ማለት ላጤ ማለት አይደለም! ብቻውን የሚገባ ማለት ነው!

ሌስተር፦ ሚስት ያለው ከነሚስቱ ነው እንዴ የሚገባው?

ዌንደል፦ እህትህን ባላገባ ኖሮ ይሄን ሁሉ ባልሰማሁ!

ሌስተር፦ ከእሷ ጋር ገብተህ ታውቃለህ?

ዌንደል፦ አፍህን ዝጋና ስማ! [ደብዳቤውን ከአፍንጫው አርቆ ያነባል] «ብቸኛ ተጠቃሚ የሚገባበት የሕዝብ መፀዳጃ ክፍል ሁሉ ለማንኛውም ጾታ ክፍት ይሁን።» ክፍት! ክፍት ምን ማለት ነው?

ሌስተር፦ ያልተዘጋ።

ዌንደል፦ እሰይ! ያልተዘጋ፣ ያልተከለለ፣ እንደ ሜዳ የተከፈተ!

ሌስተር፦ ከሥሩ የተጻፈውስ ምን ይላል?

ዌንደል፦ ከሥሩ ያለው ለማይገባቸው ሰዎች የተጻፈ ነው። እኔ የመጀመሪያው መስመር ላይ ገብቶኛል። ይልቅ ትናንት ደውዬ ምን አልኩህ?

ሌስተር፦ «ወንዱንና ሴቷን የሚለየው ነገር፣ ጠዋት ስመጣ እንዳላየው» አልከኝ።

ዌንደል፦ እና?

ሌስተር፦ የለም።

ዌንደል፦ ሙሉ በሙሉ?

ሌስተር፦ ሙሉ በሙሉ። ወንዱ በቀላሉ ነው የለቀቀው። ሴቷ ግን ጅራቷ ላይ ሚስማር ስለነበረባት አስቸገረችኝ።

[ዌንደል ግድግዳ ወንድና ሴት እንዳለው፣ ጅራትም እንዳለው ሰምቶ አያውቅም። ግን «አላውቅም» የምትባል ቃል ካፉ ወጥታ አታውቅም።]

ዌንደል፦ አዎ… ጅራቷ። ግንበኞች ጅራት የሚሉት ነገር አለ። ከባዱ ክፍል እሱ ነው።

ሌስተር፦ ኧረ እሱስ ቀላል ነው። ክንፏ ነው ዝጎ ተጣብቆ ያታገለኝ።

ዌንደል፦ ክንፉማ ያው ሸክሙን የሚሸከመው ነው፤ ብረት አለበት። ፍርስራሹን የት ደፋኸው?

ሌስተር፦ የምን ፍርስራሽ? በጋዜጣ ጠቅልዬ መኪናዬ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው።

ዌንደል፦ በጋዜጣ! [ለራሱ] በስብሶ ዱቄት ሆኖ ነበር ማለት ነው። እንኳን በላያችን አልወደቀ! ስንት ሰዓት ፈጀብህ?

ሌስተር፦ ማውረዱ አሥር ደቂቃ። ቀለሙ ነው ከንጋት ጀምሮ የያዘኝ።

ዌንደል፦ መቼም ያንተ ነገር! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ።

ሌስተር፦ [ክው ብሎ] ስለ እንቁላሉ ማን ነገረህ?

ዌንደል፦ የምን እንቁላል?

ሌስተር፦ ምንም። አልደረቀም፤ እንዳትነካው።

ዌንደል፦ ልግባና በዓይኔ ልየው። ቡናውም አላስቆም ብሎኛል።

ሌስተር፦ ቆይ፣ ሰው አለ።

ዌንደል፦ ማን?

ሌስተር፦ አንዲት ሴትዮ።

[ዌንደል ወደ ኮሪደሩ መጋረጃ የዘረጋውን እጅ እንደ ተቃጠለ ሰው ይሰበስባል።]

ዌንደል፦ ሴት! ታዲያ እንዴት አድርጌ ልግባ?

ሌስተር፦ ሌላኛው ባዶ ነው እኮ።

ዌንደል፦ ሌላኛው ባዶ ስለሆነ ሄጄ አጠገቧ ጉብ ልበል? እንደምን አደርሽ፣ አየሩስ እንዴት ነው ልበላት?

ሌስተር፦ አየሩን ለምን ትጠይቃታለህ? በርህን ዘግተህ ጉዳይህን…

ዌንደል፦ ጭራሽ በር ዘግቼ! ሰው ምን ይለኛል? እህትህስ?

ሌስተር፦ [ራሱን እያከከ] አንተ ሰውዬ፣ ቡና አብዝተሃል።

ዌንደል፦ ማናት ለመሆኑ?

ሌስተር፦ ስሟን አልጠየቅኳትም። ሽንት ቤት የት ነው አለችኝ፣ አሳየኋት። ሜትር ይዛለች።

ዌንደል፦ የምን ሜትር?

ሌስተር፦ የመለኪያ ሜትር። ሰው የየራሱ ልማድ አለው ብዬ ዝም አልኩ።

ዌንደል፦ ብቻ ቶሎ ትውጣልን። አራት ሰዓት ላይ ሰውዬው ከተፍ ይላል።

ሌስተር፦ የቱ ሰውዬ?

ዌንደል፦ ተቆጣጣሪው ነዋ! ይኸው ፊርማው፣ «ኤም. ብራንዴጅ»። ሚልተን ነው፤ ካልሆነም ሞሪስ ነው። ከእጅ ጽሑፉ አውቄዋለሁ። ፂም አለው።

ሌስተር፦ ፂሙም ከጽሑፉ ይታወቃል?

ዌንደል፦ ለሚያውቅ ይታወቃል። [ድምፁ ዝቅ ይላል] ሌስተር፣ ስማኝ። ያኔ ወጥ ቤቱ ሲቃጠል እነዚያ የእሳት አደጋ ልጆች የቤት ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ነው የደረሱልኝ። ያቺ የቅዳሜ ራት ውለታ የምመልስባት ናት። እሷን ከነጠቁኝ ምን ቀረኝ?

ሌስተር፦ እኔ አለሁልህ።

ዌንደል፦ እሱን ነው የምልህ።

[መጋረጃው ተገልጦ አጠር ያለች ሽበታም ሴትዮ ትወጣለች። በብብቷ ማኅደር፣ በእጇ ሜትር ይዛለች። ዌንደል አጣምሮት የነበረውን እግር ፈትቶ፣ ወዲያው ተጸጽቶ መልሶ ያጣምረዋል።]

ዌንደል፦ እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። አሠራሩ አዲስ ስለሆነ ተሳቅቀው ከሆነ…

ሴትዮዋ፦ ምን ያሳቅቀኛል? ብቻዬን ነበርኩ።

ዌንደል፦ እግዜር ይመስገን! እኔማ ልገባ ነበር።

ሴትዮዋ፦ እኔ ያለሁበት?

ዌንደል፦ ምን ላድርግ፣ ሕግ ነው! ሌላው ሲያመነታ እኔ ግን መሃል ያለውን ግድግዳ አስፈርሼ አንድ አደረግኩት። በከተማው የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ሴትዮዋ፦ ሁለተኛው ነዎት። ከወንዙ ማዶ ያለው ዓሣ ቤትም እንደ እርስዎ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቦ አፍርሷል። ሁለት መቀመጫ በአንድ ክፍል፣ ያለ ከለላ! ግድግዳው እስኪመለስ ድረስ ዘግቼዋለሁ።

ዌንደል፦ ዘግ… እርስዎ?

ሴትዮዋ፦ ማርጀሪ ብራንዴጅ እባላለሁ። ቀደም ብዬ ነው የመጣሁት።

[ዌንደል ፊቷ ላይ ፂም ይፈልጋል። የለም።]

ዌንደል፦ ግን እኮ «ኤም» ነው የሚለው!

ሴትዮዋ፦ «ኤም» ወንድ ነኝ አላለም። እስቲ ሁለተኛውን መስመር ያንብቡልኝ።

ዌንደል፦ [እየተንተባተበ] «እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የተከለለና ከውስጥ የሚቆለፍ እንደሆነ ይቀጥላል። የሚቀየረው… የሚቀየረው የበሩ ምልክት ብቻ ነው።»

[የቅዳሜዋ ራት ከነጎመኗ፣ ከነብስኩቷ፣ ከነፖም ፓይዋ መንገድ ስትሻገር በዓይኑ ይታየዋል። የፈራ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚሸጠው ቅርቡን ነው።]

ዌንደል፦ እመቤቴ፣ እውነቱን ልናገር። ያፈረሰው እሱ ነው! እኔ ጫፉን አልነካሁም! የሚስቴ ወንድም ነው፤ ነገር አይገባውም!

ሌስተር፦ አዎ፣ አይገባኝም።

ሴትዮዋ፦ ሁሉንም በራሱ ነው የሠራው?

ዌንደል፦ በገዛ ራሱ! ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ! ይጻፉት!

ሴትዮዋ፦ [እየጻፈች] «በአቶ ሌስተር የተሠራ። ሁለት ክፍል፣ ሁለት በር፣ ሁለት መቀርቀሪያ። ዶሮዎቹ ከበሮቹ ተነሥተው በምትካቸው በየበሩ አንድ እንቁላል ተስሏል። ተፈቅዷል።» [ማኅተሙን ትመታለች]

ዌንደል፦ ግድግዳው… አለ?

ሴትዮዋ፦ አለ። ቀጭን ነው እንጂ። ወሬያችሁን አንድም ሳይቀር ሰምቻለሁ፤ ፂሜን ጭምር።

ዌንደል፦ [ወደ ሌስተር ዞሮ] ወንዱንና ሴቷን የሚለየውን አንሣ አላልኩህም?

ሌስተር፦ አነሣሁ እኮ! ግድግዳው ማንን ለየ? በዚህም በኩል ግድግዳ ነው፣ በዚያም በኩል ግድግዳ ነው። ሲለዩ የኖሩት ዶሮዎቹ ናቸው።

ሴትዮዋ፦ እንቁላሉንስ እንዴት አሰቡት?

ሌስተር፦ በቀን ሁለት መቶ እንቁላል እሰብራለሁ፣ እመቤቴ። አንዱንም ወንድ ነህ ወይስ ሴት ብዬው አላውቅም።

ሴትዮዋ፦ [እየሳቀች ማኅደሯን ትዘጋለች] ቅዳሜ ራቱ ላይ እንገናኝ። ቅልጥሙን ያስቀሩልኝ። [ትወጣለች]

[ዌንደል ማኅተሙን ያያል፣ ሌስተርን ያያል። አፍሯል፤ ግን ለማፈርም ጊዜ ያስፈልጋል፣ ቡናው ደግሞ ጊዜ አልሰጠውም።]

ዌንደል፦ እኔም… ይሄንኑ ነበር ለማለት የፈለግኩት።

ሌስተር፦ ያልከውን ነው የሠራሁት።

ዌንደል፦ ቅዳሜ ቅልጥሙን ለእሷ፣ የመጀመሪያውን ሳህን ግን ላንተ ነው የማቀርበው። አደራ፣ ለእህትህ ምንም እንዳትነግራት!

[እየተንደረደረ ወደ ኮሪደሩ ይገባል። ሁለት በር፣ ሁለት እንቁላል። ሃያ ሁለት ዓመት አውራ ዶሮውን እየተከተለ የገባ ሰው ነው። ወደ አንዱ ይራመዳል፣ ይመለሳል፤ ወደ ሌላው ይራመዳል፣ ይመለሳል።]

ዌንደል፦ ሌስተር! ኧረ በናትህ ድረስልኝ! የቱ ነው የኔ?

ሌስተር፦ ክፍት የሆነው።