የኑቅሉ ሊቅ

ፈጣሪ የተቆጣው ቤተ ዘመድ ሁሉ አንድ ቃል ፈቺ አያጣም። ዳቦ አቀብለን ሲሉት «ዳቦ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ሳይተነትን የማያቀብል፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ «ለመሆኑ ‹ከፈን› ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ሐዘንተኛ የሚፈትን። ሄራት ውስጥ ለእነቀዩም ቤት የደረሷቸው ታላቅ ወንድማቸው፣ ሰው ሁሉ «ካካ» (አጎት) የሚላቸው ሻህወሊ ነበሩ።

ሊቀ ሊቃውንት ካካ ሻህወሊ (ሹመቱን የሰጡት ራሳቸው ናቸው) ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ ጸሐፊ ናቸው። ከቃል ሁሉ የማይምሩት ኑቅልን ነበር፤ ያንን ስኳር የለበሰ ለውዝ። ሄራት ላይ ደግሞ ያለ ኑቅል ልጅ አይታጭም። የልጅቱ አባት ኑቅል የሞላ ሳህን ጥልፍ መሐረብ አልብሶ ለወንዱ ወገን ካስረከበ፣ ልጁን ሰጠ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም።

ሳህኑ ሊነሳ ሲል ካካ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። «ቆይ ቆይ! የምትበሉትን ሳታውቁ አትብሉ። ኑቅል የዐረብ ቃል ነው። ጥንት፣ ሰው ተሰብስቦ ሲጫወት የሚቆረጥመው ሁሉ ኑቅል ይባል ነበር…» ሻይ ይበርዳል፤ ሕፃን ያለቅሳል። አንድ ሽማግሌማ እንቅልፍ ጥሏቸው ሲባንኑ «ወለዱ እንዴ?» ብለው ጠይቀዋል።

የቀዩም ልጅ ሻይስታ አስተማሪ ናት። ፊደል ያስቆጠሯት ካካ ስለሆኑ፣ የትርጉሙን ጫፍ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። የጥንቱ ኑቅል የሚቆረጠመው ከወይን ጠጅ ጋር ነው። ይቺን ግን ካካ በሰው ፊት ተንፍሰዋት አያውቁም። «ሃይማኖተኛ ፊት የመጠጥ ወሬ? እኔ አዋቂ እንጂ ባለጌ አይደለሁም!» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ሐጂ ሙናወር ለልጃቸው ሻይስታን ሊጠይቁ መጡ። ልጁ ያለው ካንዳሃር ነው፤ እሷም ማስተማሩን ትታ እዚያው ቤቷን ትይዛለች። ቀዩም እሺ አለ። ሻይስታን የጠየቃት የለም። ሻይ ቅጂ ተባለች፣ ቀዳች። አባቷም ሳህኑን አነሳ።

«ቆይ ቆይ!» አሉ ካካ።

«ጀመረው!» አለ ቀዩም ጥርሱን ነክሶ።

«ኑቅል ማለት፣ ሐጂ፣ ሰካራም ወይን ጠጁን የሚያወራርድበት ነው። አሁን የሚቀበሉት የመሸታ ቤት ሳህን መሆኑን ይወቁት።»

ሐጂ ሙናወር ጢማቸውን ጨበጡ። «ቀዩም፣ ቤትህ ጠርተህ ልታሰድበኝ ነው?»

«ኧረ ሐጂ፣ ጃጅቶ ነው! አፉን አያውቅም!»

«መዝገበ ቃላቱን ላምጣ እንዴ?» አሉ ካካ፣ ነገሩን ጨርሰው ሊቀብሩት።

ሐጂው ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። ሳህኑ መሐረቡን እንደለበሰ ቀዩም እጅ ላይ ቀረ።

ቀዩም ወንድሙ ደጁን እንዳይረግጥ ማለ። ወሬው ከተማውን ሲዞር ሌላውም ተከተለው። አይ ሰው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚሰማ መስሎ አዛጋባቸው፣ ሰበብ ሲያገኝ አንድ ቀን እንኳ አልታገሳቸውም። ሠርግ ቀረ፣ የእጮኛ ድግስ ቀረ፣ ለቅሶ እንኳ በስንት መከራ። የሚያስረዱት ሰው ሲያጡ ካካ ከሱ፤ ሰው በዝምታ እንዲህ ይጎዳል ብሎ ማን ጠረጠረ።

ሻይስታ ዛሬም ታስተምራለች። በየዓርቡ ከአባቷ ተደብቃ ትጠይቃቸዋለች። አንድ ዓርብ አላስችላት አለ።

«ካካ ጃን፣ ያችን ጫፍ ያን ቀን ለምን አወጧት? ባለጌ አይደለሁም ይሉ አልነበር?»

ካካ የሻይ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ሻዩን ስትቀጂ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር» አሏት።

ማብራሪያ አልጨመሩበትም።