የዮሲ ዘመቻ ወደ ሐጂ ዑመር ነደባ

ዮሲ እንደሻው አሮጌውን የፊልም ካሜራ በገዛ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ ሐረር በሙሉ በስልኩ ፎቶ ሲያነሣ እርሱ ብቻ ስልክን በናቀበት ዘመን፣ ሞገሰ ፊልም፣ ከሣቴ ሌንስ የተባለው ይህ ጀግና ከፈላና በር ተነሥቶ ወደ ሐጂ ዑመር ቤት ዘመተ። ከጓደኞቹ ቢላል ቦርሳውን ተሸከመ፣ ነስሮ መንገዱን መራ፤ የካሜራው ማቆሚያ ግን የደካሞች ምርኩዝ ነው ተብሎ ከቤት ቀረ።

የዘመቻው ምክንያት የሐጂ ዑመር የልጅ ልጅ ለይላ ናት። ወደ ሩቅ አገር ልትዳር ነውና፣ የምትወስደው አንድ የአያቷ ፎቶ ፈለገች። ሐጂ ዑመርም ለፓስፖርት ካልሆነ ተነሥተው አያውቁምና እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ወላሂ፣ ለአንቺ ስል አንድ ጊዜ እቀመጣለሁ። ድገሙ ብትሉኝ ግን የለሁም!»

ቤተሰቡም ነደባ በሚባለው ባለ ደረጃ መደብ ላይ እንደ ማዕረጉ ተቀመጠ፤ ሐጂ ከላይ በስተኋላ፣ ወጣቶቹ ዝቅ ብለው በስተፊት፣ የሁሉም ጫማ በበሩ ብርሃን ሥር። ዮሲም «ስልክ የያዘ ሁሉ ያስረክብ! ዛሬ እውነተኛ ፎቶ ይነሣል!» ብሎ አወጀ፤ ነስሮም ስልኩን ሁሉ በስፌት ሰበሰበ።

ፎቶው ከየት እስከ የት ጠርቶ እንደሚወጣ የሚናገሩ ቁጥሮች ሌንሱ ላይ ነበሩ፤ ጀግናው ግን ቁጥር ማንበብን ለጀማሪ ትቶ በዓይኑ ሊመዝን ወደደ። የብርሃኑን ቀዳዳ ቢያጠብብ መመልከቻው ጨለመበት፤ ጨለማውንም እንደ ጠላት ቆጥሮ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻ ከፈተ፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ጠርቶ የሚወጣው ስፍራ እንደሚጠብ የሚናገሩት ቁጥሮችም ሳይነበቡ ቀሩ። ጥራቱን የሚያስተካክልበት ነገር ሲሻ አንድ የጫማ ማሰሪያ ቁልጭ ብሎ ታየው፤ በዚያም ጸና።

የሐጂ ባለቤት እሜት ፈቲያ፦ «አንተ ልጅ! ካሜራህ ምን ያያል? ሰው ያለው እዚህ ላይ ነው!» ብለው አወጁ።

ዮሲም፦ «የኋላው ፊልሙ ሲታጠብ ይጠራል!» ሲል አወጀ፤ ጀግና አይደግምም ብሎም አንዴ ብቻ ተኮሰ።

ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ ተመለሰ። ጫማዎቹ ስፌታቸው ሳይቀር ተቆጠሩ፤ ሐጂ ዑመር ግን ነጭ ኮፍያ የደፋ ጉም ሆኑ።

ለይላ ዳግም እንዲቀመጡላት አልቅሳ ብትለምናቸው እሳቸው ፎቶውን አይተው፦ «ማሻ አላህ፣ ጫማዬ አምሮበታል። እኔ ቃሌን ጨርሻለሁ፤ ከእንግዲህ ጫማዬን ለምኑት» አሉ።

እርሷም ጉሙን በሻንጣዋ ይዛ ተዳረች። ስለዚህ ምስጋና ለዮሲ ይገባል፤ ጨለማን ድል ነሥቷልና፣ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ተሰልፎለት ጫማ ማርኮ ተመልሷልና፣ እስከ ዛሬም የፊልም ፎቶ ነፍስ አለው እያለ ሳያፍር ይሰብካልና።