በአህያ ጀርባ የሄደችው ዓረፍተ ነገር

ትናንት ከምሳ በኋላ ስንዱ ክንዷን ተንተርሳ ጠረጴዛዋ ላይ ሸለብ ቢያደርጋት ጉደኛ ሕልም አየች።

ስንዱ ደሴ ውስጥ ለአንድ ድረ ገጽ ትጽፋለች። ያን ሰሞን የያዘችው የእትዬ ዘርፌን ታሪክ ነበር፤ አርባ ዓመት የሰፈሩን እናቶች ሲያዋልዱ ኖረው ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። አለቃዋ አቶ ሽብሩ ጽሑፉን ሳያነቡ ርዕስ ሰጧት፦ «ጉድ ፈላ! አዋላጇ የደበቁት ምስጢር!»

«ምንም የደበቁት የለም እኮ» ብትላቸው፣ «እንግዲህ ወይ ርዕሱን ትቀበያለሽ፣ ወይ ወንበሩን ትለቂያለሽ» ብለዋት ወጡ። በዚያው ንዴት ነው እንቅልፍ የጣላት።

በሕልሟ ፒያሳ ወጣች። ከተማው ተገልብጧል። አንባቢዎች ወንበር ላይ ተኮፍሰዋል፤ ጸሐፊዎች ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። አህዮቹ ባዶ ጀርባቸውን ይዘው ይንሸራሸራሉ፤ ጭነቱ ያለው ጸሐፊዎቹ ላይ ነው። የጻፉት ትርፍ ቃል ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ተጭኗቸዋል። ከሰልፉ ጫፍ መነጽር ያደረገች አሮጊት አህያ ተቀምጣ ሸክማቸውን ታራግፋለች። አርታኢዋ እሷ ናት።

ከስንዱ ፊት አቶ ሽብሩ ነበሩ፤ ከመጉበጣቸው የተነሳ አፍንጫቸው መሬት ሊነካ ደርሷል።

«ምንድን ነው የተሸከሙት?» አለች አህያዋ።

«ጉድ ነው፣ እመቤቴ። ሦስት ኩንታል።»

«ያራግፉት።»

«ጉድ ከሌለማ ማን ያነበኛል?»

«ያዩዎታል እንጂ መቼ አንብበውዎት ያውቃሉ!»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ሽብሩ ግን አሻፈረኝ ብለው ከነጉዳቸው ቁልቁለቱን ወረዱ።

የስንዱ ተራ ደረሰ። አህያዋ አንዱን ድንጋይ በጥርሷ አነሳች።

«ይሄስ?»

«‹እጅግ በጣም ታላቅ› ነው፣ እትዬ።»

«ማንን አሳደገ?»

ድንጋዩ ወደቀ። «እንደሚታወቀው» ወደቀ፤ «ስመ ጥሯ» ወደቀ፤ ሌላም ሌላም። በወደቀ ቁጥር ወገቧ ቀና እያለ ሄደ። በመጨረሻ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ እጇ ላይ ቀረች፦ «እትዬ ዘርፌ የመጀመሪያዋን እናት ያዋለዱት መብራት ጠፍቶ፣ የእጅ ባትሪያቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ነው።»

የአህያዋ ጆሮዎች ቀጥ አሉ።

«ይህን ማን ሰጠሽ?»

«ማንም። ሦስት ቀን ቤታቸው ተመላለስኩ። የነገሩኝ በአራተኛው ቀን ነው።»

አህያዋ ከወንበሯ ወርዳ ተንበረከከች። «ይህቺንስ እኔ እሸከማታለሁ» አለችና ዓረፍተ ነገሯን ጀርባዋ ላይ ተቀብላ ተነሳች። አንባቢዎቹ በሙሉ ብድግ አሉ። ስንዱ ደረቷን ነፍታ ከአህያዋ ጎን መራመድ ስትጀምር፦

«ስንዱ! ተነሺ፣ ተሳካልን!»

አቶ ሽብሩ ስልካቸውን ይዘው እግራቸው መሬት አልረግጥ ብሏል። እሷ ተኝታ ሳለ ጽሑፏን በእሳቸው ርዕስ፣ በእሷ ስም ለቀውታል። «ሁለት ሺህ ሰው አጋርቶታል! ‹ግሩም ጽሑፍ› ያለው ብቻ መቶ ሞልቷል!»

ስንዱ ስልኩን ተቀብላ አየች። ርዕሱ አለ። ከርዕሱ በታች ባዶ ነው። አቶ ሽብሩ ጽሑፉን መለጠፍ ረስተዋል።

ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች።

«ስሜን ያጥፉልኝ፣ ጋሼ። ይህን እኔ አልጻፍኩትም።»

የራሷን ጽሑፍ አትማ፣ ወረቀቱ ገና ትኩስ እንዳለ፣ ለእትዬ ዘርፌ ልታነብላቸው ወጣች።