የሊቀ ጎማው ምርቃት

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ ማንም ሳይሾመው የተሾመ፣ ማንም ሳይጠይቀው የሚመልስ። አንዱ ሰፈር ውስጥ የመድኃኒት ዐዋቂ ይሆናል፣ ሌላው ውስጥ የጣሪያና የግድግዳ። ብርዱ ግማሽ ዓመት በሚከርምባት በተራራማዋ የናሪን ከተማ ግን ይህ ሰው የጎማ ዐዋቂ ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም። በረዶ ላይ የሚኖር ሕዝብ ስለ ነፍሱ ከማሰቡ በፊት ስለ ጎማው ያስባል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተውለው፣ ሁለቱ ሐሳቦች ያን ያህል የሚራራቁ አይደሉም።

የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆነው የቱራት ሰፈር ዐዋቂ ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር በይሸን ነበሩ። ናሪን ውስጥ አንድ ጊዜ ያስተማረ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ "አጋይ" እየተባለ ይጠራል፤ መምህር እንደ ማለት። በፊታቸው ሁሉም አጋይ ይላቸዋል። ቱራት ግን በልቡ ከፍ ያለ ማዕረግ ሰጥቷቸዋል፤ ሊቀ ጎማ ወመምህረ በረድ።

ሊቀ ጎማው ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሰፈሩን ይዞራሉ። የቆመ መኪና ባዩ ቁጥር ይንበረከካሉ፤ ጓንታቸውን ያወልቃሉ፤ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ጎማው ላይ ይተክላሉ። ጥፍሩ ከሰመጠ ምንም ሳይናገሩ ያልፋሉ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ጥፍሩ እምቢ ካለ ግን የባለመኪናውን በር ያንኳኳሉ።

"ጎማህ ሞቷል፤ ነፍስ ይማር። ቀብሩ መቼ ነው?"

"አጋይ፣ ገና አምና የገዛሁት እኮ ነው!"

"የበጋ ጎማ ነዋ! በብርድ ድንጋይ ይሆናል። ድንጋይ በረዶ ላይ ሲቆም አይተህ ታውቃለህ? ጥፍር አይዋሽም።"

አንድ ጊዜ የመስጊዱ አባት፣ ሙላው፣ ለለቅሶ መጥተው ድንኳን ውስጥ ቁርኣን ሲቀሩ፣ አጋይ በይሸን ውጭ የሙላውን መኪና ይመረምሩ ነበር። ጸሎቱ እንዳለቀ ቀስ ብለው ጠጋ አሉ፤ "ሙላ፣ ሟቹን ለመሸኘት ነው የመጡት ወይስ አብረው ሊሄዱ?" ሙላው በሳምንቱ አራት አዲስ ጎማ አስገጠሙ።

ሌላ ጊዜ ከዋና ከተማዋ ከቢሽኬክ የመጣ እንግዳ ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ነው ሲባል ሰምቶ መንዳት ፈራ። አጋይ ሳቁበት። "ዛሬ በረዶው ሐቀኛ ነው፤ ደረቅ ነው፤ ጎማህ ይይዘዋል። ብርዱ ሲለዝብ፣ በረዶው ላዩ ላይ ውሃ ሲያወጣ፣ ያኔ ፍራ። ሰውም እንደዚያው ነው።" እንግዳው ስለ መንገድ ጠይቆ ስለ ሰው ልጅ ተምሮ ሄደ።

ቱራት በዚህ ሁሉ ይስቅ ነበር፤ ነገሩ ራሱ ላይ እስኪመጣ ድረስ።

የቱራት ልጅ ኤሌማን ከተራራው ማዶ ካለችው ከኮችኮር ከተማ አንዲት ልጅ ወደደ። ወላጆች ተነጋገሩ፤ ቀን ተቆረጠ። በዚያ ቀን የልጁ እናት ሄዳ ለልጅቷ የብር ጉትቻ በገዛ እጇ ማድረግ አለባት። ጉትቻ የተደረገላት ልጅ ታጨች፤ ያልተደረገላት አልታጨችም። የልጅቷ ቤተ ዘመድ በሙሉ ተሰብስቦ፣ ምግቡ ተሠርቶ እየጠበቀ፣ የወንዱ ወገን ከቀረ፣ "ልጃችንን ንቀዋል" ነው የሚባለው፤ እንዲህ የተባለ ቤት ደግሞ ድጋሚ አይለመንም። በናሪንና በኮችኮር መካከል ያለው የዶሎን ተራራ ይህን ሁሉ አያውቅም።

ጠዋት ቱራት አሮጌዋን ኦዲ መኪናውን አስነሣ። የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ለአማቾቹ የሚሰጥ የሰባ በግ እግሩ ታስሮ ተኝቷል። ሚስቱ አሲልካን ጉትቻውን በመሐረብ ቋጥራ ጉያዋ ሸጉጣለች። ኤሌማን አንገቱን በክራባት አንቆ ኋላ ተቀምጧል። የቀረው ምርቃት ነበር። ያለ ሽማግሌ ምርቃት ረጅም መንገድ የሚጀምር የለም፤ አሲልካን ደግሞ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ሳትመረቅ ብትወጣ ቅር የሚላት ሴት ናት። የሰፈሩ ትልቅ ሰው ማን ናቸው? አጋይ በይሸን።

መጡ። ኮታቸውን ቆለፉ፣ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሁሉም መዳፉን ዘረጋ። ከዚያ አጋይ እጃቸውን መልሰው አጠፉና የፊቱን ጎማ ዳሰስ አድርገው ከኋላው ሥር ተንበረከኩ።

"ወይኔ፣ ዛሬስ ይለፉኝ!" አለ ቱራት በልቡ።

ጥፍሩ አልሰመጠም።

"ቱራት፣ ፊቱ የበረዶ ጎማ፣ ኋላው የበጋ። ይሄ ምንድን ነው?"

"አጋይ፣ መኪናዋ የምትጎተተው በፊት እግሯ ነው። ኋላው ዝም ብሎ ይከተላል፤ እንደ ጭራ።"

"ታዲያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ጭራው ቀድሞህ ኮችኮር ሲገባስ?"

"በጉን የጫንኩት ለምን መሰለዎት? ክብደቱ ኋላውን ይጫነዋል።"

"በጉ!" አሉ ሊቀ ጎማው ወደ ሰማይ እያዩ። "አምስት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬው በጉ ይላል! ስማ፤ አንተ፣ ሚስትህ፣ ልጅህ፣ በጉ፣ ሁላችሁም መሬት የምትነኩት በአራት ነገር ነው፤ እያንዳንዱ መዳፌን አያክልም። ሁለቱ ሞተዋል። እኔ ለሞተ ጎማ መዳፌን አልዘረጋም። አልመርቅም።"

ቱራት ደሙ ፈላ። "አጋይ፣ ሰው እየጠበቀን ነው! ልጄ ይታጭ እንጂ!"

"እኔም እንዲታጭ ነው፤ በሕይወቱ።"

"እንግዲያው ሳንመረቅ እንሄዳለን። አሲልካን፣ ግቢ!"

አሲልካን አልገባችም። ጉያዋን በሁለት እጇ ይዛ በረዶው ላይ ቆመች። "የኤሌማን አባት፣ ፈልገህ ከሆነ በጉን ይዘህ ሂድ። ጉትቻው ሳይመረቅ አይሄድም።"

ኤሌማን ክራባቱን አላላ። በጉ ከኋላ አንዴ ጮኸ። ቱራት ሰዓቱን አየ፤ ጎሚስታው ቤት ሄዶ ወረፋ ቢይዝ ቀትር ይሆናል፤ ቀትር ላይ ደግሞ አማቾቹ በር በሩን ማየት ያቆማሉ። በዚያች ቅጽበት ሊቀ ጎማውን ከነጥፍራቸው ቢቀብራቸው ደስ ባለው ነበር።

"ምን ቆመህ ታየኛለህ?" አሉ አጋይ። "ክሪክህን ይዘህ ና።"

የጋራዣቸውን በር ገፉት። ውስጥ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ ለብሳ፣ የቱራትን መኪና የምታክል ነጭ ኦዲ ቆማለች። ቱራት ከሦስት ክረምት ወዲህ ስትወጣ አይቷት አያውቅም። አራት እግሯ ላይ ግን አዲስ የበረዶ ጎማ አጥልቃለች፤ ጥርሱ ያልተነካ፣ የብረት ጥፍሩ የሚያበራ።

"የኋላዎቹን ውሰድ።"

"አጋይ፣ እርስዎስ በምን ሊነዱ?"

አጋይ ቁልፉን ይዘው ወደ ብሎኑ ጎንበስ አሉ። ቁልፉ ከብሎኑ ጎን ወረደ። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም ሳተ። ከዚያ በግራ እጃቸው ብሎኑን ዳብሰው አገኙትና ቁልፉን በጣታቸው መርተው አስገቡት። ቱራት አጠገባቸው ተንበርክኮ ያያል። ይህን ሁሉ ዘመን በየመኪናው ሥር የተንበረከኩት፣ ጓንት ያወለቁት፣ በጥፍር የፈተሹት ለምን እንደሆነ ገባው።

"ዓይንዎ..." አለ።

"ዓይን ለጎማ ምን ያደርጋል?" አሉ ቆጣ ብለው። "ሐኪሙ መሪ እንዳልይዝ ነው የከለከለኝ። ጎማ እንዳልይዝ አልከለከለም።" ትንሽ ቆይተውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ "በኅዳር የበረዶውን አለብሳታለሁ፣ በሚያዝያ የበጋውን። ምን ታውቃለህ፣ አንድ ቀን የሚጠራት ይኖራል።"

ቱራት ቁልፉን ከእጃቸው ወሰደ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ።

በግማሽ ሰዓት ጎማዎቹ ተገጠሙ። አጋይ አራቱንም ዞረው በጥፍራቸው ጎበኙ፤ ዝም አሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ። "መንገዳችሁ ነጭ ይሁን። በረዶው ይያዛችሁ። ልጅቷ ጆሮዋን አትንፈጋችሁ።" መዳፍ ሁሉ ፊት ላይ ወረደ፤ "ኦሚን" ተባለ።

ዶሎንን ወጡ። ቁልቁለቱ ላይ ኩርባውን ሲዞሩ አንድ ከባድ መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሞ አገኙት። ቱራት ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ነካ። የመኪናዋ ኋላ ሊንሸራተት የሚችልበትን ቅጽበት በመቀመጫው አወቀው፤ ሁልጊዜ በዚያች ቅጽበት ነበር የሚንሸራተተው። አልተንሸራተተም። መኪናዋ እንደ ታዘዘች ልጅ ቆመች። አሲልካን ጉያዋን ዳበሰች።

ቀትር ሳይሞላ ኮችኮር ደረሱ። ጉትቻው ሁለት ጆሮ አገኘ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ከረሜላ ተበተነ፣ በጉ ዕድሉን ተቀበለ። ሥጋው ገና ከመቅረቡ የቱራት ስልክ ጮኸ። ወደ በረንዳ ወጣ።

"እንዴት ሆነች?" አሉ አጋይ በይሸን።

"ታጨች፣ አጋይ! አልቅሳም ነበር፣ በደስታ።"

"ስለ ልጅቷ ማን ጠየቀህ? ከሁለተኛው ድልድይ በኋላ ያለው ዳገት ላይ መኪናዋ እንዴት ሆነች?"

ቱራት መስኮቱን አየ። ውስጥ አማቱ ለክብሩ የተለየውን ሥጋ ይዘው በዓይን ይፈልጉታል። ጀርባውን አዞረ።

"ዳገቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ወጣች። ለስለስ ያለ በረዶ ነበር፣ ትናንት የወረደ። ጎማው ሲነክሰው ይሰማል፤ ክርች፣ ክርች።"

"ክርች ካለ ጥሩ ነው። ከዚያስ?"

ነገራቸው። ጫፉን፣ ነፋሱን፣ የከባዱን መኪና ኩርባ ነገራቸው። ሊቀ ጎማው በእያንዳንዱ ቦታ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ማርሽ ሲቀየር "አዎ" ይላሉ። መንገዱ አለቀ። ቱራት ግን ስልኩን ሊዘጋ አልቻለም።

"ከዚያ ደግሞ ኮችኮር ልንገባ ስንል፣ ወንዙ አጠገብ፣ አንድ ክፉ ኩርባ አለ..."

"እዚያ ኩርባ የለም" አሉ አጋይ።

ቱራት ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ።

"ይሁን" አሉ ሽማግሌው። "ቀስ ብለህ ያዘውና ቀጥል።"